ስለ ዲጂታል ዜግነት ለመወያየት ወደ ጣሊያን ለተጋበዘችው የአዘዞ ልጅ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ ደርሶናል። ሌሎች አንባቢዎችም ጉዳዩን እንዲረዱት ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የ21 ዓመት ወጣት ነሽ፤ ከወላጆችሽ ጋር አዘዞ ትኖሪያለሽ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆኚ በትርፍ ጊዜሽ በአንድ የወጣቶች ማኅበር ታገለግያለሽ። ከስድስት አገሮች የተውጣጡ ወጣቶች ከኅዳር 20 እስከ 30 ጣሊያን ውስጥ ተገናኝተው ስለ ዲጂታል ዜግነት፣ ማለትም ኢንተርኔትንና ዲጂታል አገልግሎቶችን መብትንና ኃላፊነትን አውቆ ስለ መጠቀም፣ በሚወያዩበት የልውውጥ ዝግጅት ላይ እንድትሳተፊ ማኅበሩ መርጦሻል። አባትሽ ግን “ይህ የደላላ ሥራ ነው” ብለው አይሆንም ብለዋል። በዚህ መካከል የጋባዡ ድርጅት ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፓስፖርትሽንና የፋይዳ መታወቂያሽን ፎቶ በቴሌግራም፣ ለቪዛ ማስፈጸሚያ ደግሞ 15,000 ብር በግል የቴሌብር ቁጥሩ እንድትልኪለት ጠይቆሻል። ጓደኞችሽ “ከሄድሽማ እዚያው ቅሪ” ይሉሻል። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽን ግን በራስሽ ቃል “ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ከነበረ ከተማ ሄጄ ስለ ዲጂታል ዜግነት ምን እላለሁ? ጦርነቱን ከጠየቁኝስ?” ስትዪ ጽፈሻል።

በእኔ አስተያየት ግብዣው እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ መሄድ ይገባሻል። የምትናገሪው የለኝም ያልሽው ነገር ደግሞ በዚያ አዳራሽ ከሚቀርቡት ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ሊሆን እንደሚችል ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

ጊዜ የማይሰጠው የገንዘቡ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ብሩን አትላኪ። ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት ያልበለጠ የትርፍ አልባ ድርጅት ተወካዮች፣ ሌላ ትርፍ አልባ ድርጅት ባዘጋጀው ሴሚናር ወይም የባህልና የትምህርት ዝግጅት ላይ ለመሳተፍ ሲያመለክቱ፣ ይህን ክፍያ እንዳይከፍሉ የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ራሱ ይደነግጋል። አንቺ 21 ዓመትሽ ነው፤ የምትወክዪው ማኅበር አለ፤ ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ቅጂና አንቺን መወከሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከማመልከቻሽ ጋር ታያይዣለሽ። ማመልከቻ የሚቀበለው ማእከል የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ እርሱንም ቢሆን በደረሰኝ ለማእከሉ እንጂ ለማንም ሰው የግል ስልክ አትከፍዪም።

ሌላም መመዘኛ ልስጥሽ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው ፕሮግራሙ በሚደግፋቸው የወጣቶች ልውውጦች ተሳታፊዎቹ ከ13 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው፤ ቆይታው የጉዞ ቀናትን ሳይጨምር ከ5 እስከ 21 ቀናት ነው፤ ለድጋፉ የሚያመለክተውና ገንዘቡን የሚረከበውም ድርጅት ወይም የወጣቶች ቡድን እንጂ ግለሰብ ተሳታፊ አይደለም። ደብዳቤሽ ዝግጅቱ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚደገፍ አይገልጽም፤ ነገር ግን በየትኛውም ቢሆን አሠራሩ ከዚህ እጅግ ሊርቅ አይገባም። አንዳንድ ማኅበራት ከተሳታፊዎች አነስተኛ መዋጮ መሰብሰባቸው እውነት ነው፤ ሲሰበስቡ ግን በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጸው ነው። ስለዚህ የማኅበራችሁ ሰብሳቢ የጋባዡን ድርጅት አድራሻ ራሳቸው ፈልገው (ያ ሰው በላከልሽ መልእክት ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን) ይጻፉላቸውና “ይህ ሰው ወኪላችሁ ነውን? ገንዘብስ ጠይቃችኋልን?” ብለው ያረጋግጡ። መልሱ አዎንታዊ ቢሆን እንኳ ለምን እንደሚከፈል በደብዳቤ እንዲገለጽ ይጠይቁ።

የፓስፖርት ቅጂ መጠየቁ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ የግብዣ ደብዳቤ ለመጻፍና የአውሮፕላን ቲኬት ለመቁረጥ ስምሽና የፓስፖርት ቁጥርሽ ያስፈልጋቸዋል። የፋይዳ መታወቂያሽ ግን ለዚህ ጉዞ ለጋባዡ ምንም አይጠቅመውም። የፓስፖርቱን ቅጂ በድርጅቱ የኢሜይል አድራሻ በማኅበራችሁ በኩል ላኪ፤ በቅጂው ላይም “ለዚህ ዝግጅት የግብዣ ደብዳቤ ብቻ” የሚል ጽሑፍ ከነቀኑ አስፍሪበት። በስልክሽ የሚደርስሽን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሪ። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አላት፤ በአዋጁ መሠረት ዳታሽን የሚሰበስብ አካል ለምን ዓላማ እንደሚሰበስበው ሊያሳውቅሽ ይገባል፤ አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በነገራችን ላይ ስለ ዲጂታል ዜግነት ሊያስተምር የተነሣ ድርጅት የተሳታፊዎችን ሰነድ በግለሰብ ቴሌግራም የሚሰበስብ ሆኖ ከተገኘ፣ ሥልጠናው ከአዘጋጆቹ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። “ጊዜው ያለፈበት ሐሳብ” ብለሽ ጽፈሻል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በሠፈራችሁ አንዲት ልጅ በደላላ ተታልላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ የደረሰባትን ያዩ አባት፣ ገንዘብና መታወቂያ በስልክ የሚጠይቅ ሰው ከልጃቸው ጋር ሲጻጻፍ ቢጠራጠሩ ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም ጥርጣሬያቸው እኔ እስካሁን ከሰጠሁሽ ምክር ጋር አንድ ነው። 18 ዓመት ስላለፈሽ የእርሳቸው ፈቃድ በሕግ አያስፈልግሽ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ አሸንፈሽ ብትሄዲ ስትመለሺ የምትገቢው ወደ ተከፋ ቤት ነው። የማኅበራችሁ ሰብሳቢ አባትሽ የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ ወይም የቤተሰቡን የነፍስ አባት ይዘው ቤታችሁ ይምጡ፤ የግብዣውን ደብዳቤ፣ የማረፊያውን ስም፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱንና የጋባዡን ስልክ በወረቀት አትመው ያቅርቡላቸው። አብረውሽ ከሌሎች አገሮች የሚመጡት ስንት ሴቶች እንደሆኑ፣ መኝታው እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ብትታመሚ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስድሽ ይጠይቁ፤ አባትሽም ይጠይቁ። በቴሌግራም ያገኘሽውን ሰው ጉዳይ ሳትደብቂ አንቺው ንገሪያቸው፤ ብሩን አለመላክሽን ሲሰሙ ከሌላው ማስረጃ ሁሉ ይልቅ እርሱ ያሳምናቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

የቪዛው ጊዜ ከምታስቢው ይልቅ አጭር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን በማጥበቁ፣ ለሌሎች በመደበኛነት 15 ቀን የሆነው የማመልከቻ ማጣሪያ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል፤ ቀድሞ ለአንዳንድ አመልካቾች ቀርተው ይታለፉ የነበሩ ማስረጃዎችም አሁን በሙሉ ይጠየቃሉ። ኅዳር 20 እዚያ ለመገኘት ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ማመልከቻሽ መግባት አለበት፤ ማመልከቻ ከጉዞ በፊት እስከ 6 ወር ድረስ ስለሚቀበሉ ለመቆየት ምክንያት የለሽም። ፓስፖርትሽ ከሸንገን አገሮች ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን ይኖርበታል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ያስፈልጋል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ሊኖርብሽ ስለሚችል የዚህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ማኅበሩና ጋባዡ አሁኑኑ ይወስኑ፤ በልውውጥ ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ ተረስቶ በተሳታፊው ትከሻ ላይ የሚወድቀው ይህ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪነትሽን የሚገልጽና ለእነዚያ ቀናት ፈቃድ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤም ያዢ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። የ46 አገሮች ድርጅት የሆነው የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. 2025ን የዲጂታል ዜግነት ትምህርት የአውሮፓ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ጉዳዩንም በ10 ዘርፎች ከፍሎ ያስቀምጠዋል። ግላዊነት፣ የሚዲያ ግንዛቤ፣ ጤናና ደኅንነት፣ የሸማቾች ንቃት፣ ንቁ ተሳትፎ የሚሉት ሁሉ በእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ፤ ዝርዝሩን የሚከፍተው ግን ተደራሽነትና አካታችነት ነው። ኔትወርክ ሳይቋረጥባቸው ያደጉ ወጣቶች ይህን ዘርፍ እንደ መግቢያ ቆጥረው በፍጥነት ያልፉታል፤ ስለ ስክሪን ሱስ፣ ስለ ሐሰተኛ ምስሎች፣ ስለ አልጎሪዝም ለመነጋገር ይቸኩላሉና። አንቺ እዚያ ላይ ልታስቆሚያቸው ትችያለሽ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጻፍሽውን እኔ ደጋግሜ አነበብሁት፦ የቤት ሥራ ለመላክ የገመድ ኢንተርኔት ወዳለበት ተቋም ሄዳችሁ ተራ ትጠብቁ እንደነበር፣ ውጭ አገር ያለች እህትሽ የእናታችሁን ድምፅ ለመስማት ስልክ እስኪገባላት ስትሞክር ታድር እንደነበር፣ አባትሽ ደግሞ ስልኩ በሠራ ጊዜ ሁሉ በ*127# በቴሌብር ይገበያዩ ስለነበር ለውጡ እምብዛም እንዳልተሰማቸው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ አንቺ ከዓለም ስትቆረጪ አባትሽ አልተቆረጡም፤ አገልግሎቱ ያለ ዳታ እንዲሠራ ሆኖ ስለ ተዘጋጀ ነው። “ማንም እንዳይቀር አገልግሎት እንዴት ይሠራ?” የሚለውን ጥያቄ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለማግኘት እቸገራለሁ። ለመግቢያ ንግግርሽ ሌላ ርዕስ አትፈልጊ።

ስለ ጦርነቱ መጠየቅሽ አይቀርም። የመንግሥት አምባሳደር ሆነሽ አልሄድሽም፤ የማንም ወገን ቃል አቀባይም አይደለሽም፤ ስለዚህ ሁሉን የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። “እኔ ያየሁትና የደረሰብኝ ይህ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ማረጋገጥ አልችልም” ብለሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ስለ መረጃ ትክክለኛነት በሚነጋገር ስብሰባ ውስጥ ይህ መልስ ድክመት ተብሎ አይቆጠርም። አንድ ጉዳይ ላይ ግን ጥብቅ እንድትሆኚ እለምንሻለሁ። በስልክሽ ያስቀመጥሻቸውን ቪዲዮዎች ለማሳየት እንደምታስቢ ጽፈሻል፤ አታሳዪ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ቪዲዮ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተቀረጸ አንቺ አታውቂም። በውስጡ የሚታዩት ሰዎች ደግሞ ቤተሰብ አላቸው፤ የሞተም ይሁን የቆሰለ ሰው መልኩ በማያውቀው አገር አዳራሽ ይታይልኝ ብሎ አልፈቀደም። የጎረቤትሽን ታሪክ ለመናገር ከፈለግሽ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ጎረቤትሽን አስፈቅጂ፤ ቢፈቅዱልሽም ስማቸውን፣ ሠፈራቸውንና ሥራቸውን ሳትጠቅሺ ተናገሪ። ጎንደር “ከፒያሳ በላይ ያለችው ሱቅ ባለቤት” ሲባል ሰው ወዲያው የሚታወቅባት ከተማ እንደሆነች እኔም አንቺም እናውቃለን።

በተጨማሪም እዚያ የምትናገሪው ሊቀረጽና ሊለጠፍ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ለአስተባባሪዎቹ “ፎቶ ስነሣ ይሁን፤ ስለ አገሬ ስናገር ግን አትቅረጹኝ” ወይም የምትመርጪውን ሌላ ገደብ ንገሪያቸው፤ ፈቃድሽን በጽሑፍ ሲጠይቁሽም ሳታነብቢ አትፈርሚ። በዚያው ልክ የሌሎቹን ፎቶ ሳታስፈቅጂ በቲክቶክ አትለጥፊ፤ ጓደኞችሽ ከዚህ “ምን አለ?” እያሉ ሲወተውቱሽ ይህ ቀላል እንደማይሆን ይገባኛል።

ስለ አገራችን ሕግ ከጠየቁሽ ባዶ እጅሽን እንዳትሆኚ አንድ ነገር ያዢ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሡ ይጠይቃል። የመብት ተሟጋቾች ድንጋጌዎቹ ሰፊና ለትርጉም የተጋለጡ ናቸው ብለው ይተቹታል። አውሮፓውያኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አላቸው፤ የእነርሱ ሕግ በዋናነት የሚያተኩረው በድርጅቶቹ ግዴታ ላይ ነው። የተጠያቂነቱ ሸክም ምን ያህሉ በተጠቃሚው፣ ምን ያህሉ በድርጅቱ ላይ ይሁን የሚለው ለአንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ክርክር ነው፤ ክርክሩን አንቺ ብታስነሺው ደስ ይለኛል።

“እዚያው ቅሪ” ስለሚሉሽ ጓደኞችሽ ሐሳቤን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። በሕይወቱ ላይ አደጋ ያንዣበበበት ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን መብት የሚነካ ምክር አልሰጥም። አንቺ ግን በደብዳቤሽ እንዲህ ያለ ስጋት እንዳለብሽ አልጻፍሽም፤ የጻፍሽው “ዕድሉ ዳግመኛ አይገኝም ይሉኛል” የሚል ነው። የቪዛ ቅጹን ስትፈርሚ እንደምትመለሺ ቃል ትገቢያለሽ፤ ጋባዡም ማኅበራችሁም በዚያ ቃል ላይ ስማቸውን ያስቀምጣሉ። ብትቀሪ የሚቀጥለው ዓመት ከማኅበራችሁ የምትላክ ልጅ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት በጥርጣሬ ይታያል፤ የጎንደር ወጣት ለመጋበዝ የሚደፍር ድርጅት ማግኘትም ይከብዳል። አንቺም ብትሆኚ ሁለት ዓመት የማይሞላ ትምህርት ቀርቶሽ፣ ቋንቋውን በማታውቂበት አገር ያለ ሕጋዊ ወረቀት ምን እንደምትሠሪ እነዚሁ ጓደኞችሽ አያስረዱሽም። ውጭ አገር መማር ከፈለግሽ ተመርቀሽ ለነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከት ትችያለሽ፤ ሄዶ የመመለስ ታሪክ ያለው ፓስፖርትም ያን ጊዜ ይረዳሻል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ጉዳዮችም አሉ። ዝግጅቱ የሚውለው ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነውና ጾመኛ ከሆንሽ በተሳትፎ ቅጹ የምግብ ክፍል ላይ “ቪጋን” ብለሽ ሙዪ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ያዘጋጁልሻል። በሁሉም ልውውጥ አንድ የባህል ምሽት አይጠፋም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም፤ እናትሽ ቅቤና ቋንጣ እንዳያስሩልሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የተቆላ ቡና ይበቃል። የጣሊያን ወጣቶች ስለ ከተማሽ ሲጠይቁሽ የፋሲል ግንብን ፎቶ ብቻ አታሳዪ፤ የፒያሳን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤትም አሳዪያቸው። አያቶቻቸው የሠሯቸውን ሕንፃዎችና የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን የሰጠ መሆኑን ብዙዎቹ ከአንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰሙ ይሆናል፤ ያንን ስትነግሪያቸው ለመውቀስ ሳይሆን ለማስተዋወቅ ይሁን።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። ከስድስቱ አገሮች ለአብዛኞቹ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ስለ አባትሽና ስለ *127# የሚናገር የሦስት ደቂቃ ንግግር ጻፊ፤ በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ ጮክ ብለሽ አቅርቢው፤ ያልገባሽን ሲናገሩ ደግመው እንዲሉልሽ ለመጠየቅም አትፈሪ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሰብሳቢያችሁ ለጋባዡ ድርጅት ይጻፉ፤ ለቴሌግራሙ ሰው የሚሰጠው መልስ የድርጅቱ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ይሆናል።